ከሦስት ሦስተኛ

ሠናይት ትምህርት ቤቷን የምትከፍተው ቸርኬ መትታ ነው። ባሏ ሞላልኝ ከከባድ መኪናው ያወለቀውን አሮጌ ቸርኬ በረንዳው ላይ አንጠልጥሎላታል። እሷ ደግሞ ጠዋት ልክ ሁለት ተኩል ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በመዶሻ ሦስቴ ታስጮኸዋለች። ጎረቤት ቢኖራት ኖሮ ፖሊስ ይጠራባት ነበር። ደግነቱ ጎረቤት የለም። ከከተማው ዳር ካለው ሰፈር ከአቢዴል ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ አርባ ደቂቃ ስትነዱ የምታገኙት ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ ሽቦ አጥር፣ ነፋስ። ቸርኬውን የሚሰሙት ሁለት ተማሪዎች፣ የገዛ ልጆቿ ብቻ ናቸው፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ባርናባስና የስምንት ዓመቷ እህቱ ኑሃሚን። ሲደወል ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው ተሰልፈው ይገባሉ። ሁለት ሰው እንዴት ይሰለፋል አትበሉኝ፣ ሠናይት ቤት ይሰለፋል።

ካናዳ ከመምጣቷ በፊት ሸኖ ከተማ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። እዚህ ዲፕሎማዋን የሚቀበላት አጥታ ስምንት ዓመት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናይት ሺፍት ሠራች። ያን ጊዜ ከተማ፣ ራንድል የሚባል ሰፈር፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን ባርናባስ ሪፖርት ካርድ ይዞ መጣ፤ ብታገላብጠው፣ ብታገላብጠው ደረጃ የለውም። በማግስቱ የክፍሉ አስተማሪ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ ስንተኛ ነው?»

አስተማሪዋ ፈገግ ብላ፣ እኛ እዚህ ልጅን ከልጅ አናወዳድርም አለቻት።

«እሺ፣ አታወዳድሩ። ግን ስንተኛ ነው?»

አልተግባቡም። በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ምሥራች፣ ሬድስቶን ሰፈር የምትኖረውና አራት ልጆቿን ቤቷ የምታስተምረው፣ ነገሩን አቀለለችላት። «አልበርታ ውስጥ እኮ ይቻላል። ትመዘገቢያለሽ፣ ካሪኩለሙን ራስሽ ትመርጫለሽ፣ ፋሲሊቴተር የሚሏት ተቆጣጣሪ በዓመት ሁለቴ መጥታ ታያለች፣ አለቀ!» ሞላልኝም የመኪና ማቆሚያ ያለው ሰፊ ቦታ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ሜዳው ላይ ያለችውን አሮጌ ቤት ገዙ።

የካሪኩለም ምርጫ ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች ሊጣሉ ነበር። ምሥራች ልጆች ዶሮ እየመገቡ፣ ጓሮ እየቆፈሩ የሚማሩበትን ወድዳ አመጣች። ሠናይት አገላበጠችና «ይሄማ ጨዋታ ነው» ብላ መለሰችላት። ሒሳቡን ብዙ መልመጃ ያለውን መረጠች፤ እንግሊዝኛውን የቃል ጽሕፈት የሚበዛበትን። አማርኛውን ከራሷ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሱን በቃል። አንድ ነገር ግን የትኛውም ካታሎግ ውስጥ አልተገኘም። እሱንም ራሷ ጨመረችው፤ ደረጃ።

ዴስኮቹን ከአንድ የተዘጋ የገጠር ትምህርት ቤት ጨረታ ነው የገዛችው። ሁለት ፈልጋ ነበር፤ ሻጩ ሦስቱ አብረው ነው የሚሄዱት አላት። ሦስተኛዋ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሠናይት የመጀመሪያውን ሮስተር ሠራች። ሮስተር ማለት የአገራችን አስተማሪ የሁሉንም ውጤት ደምሮ፣ ማን አንደኛ ማን መጨረሻ እንደሆነ የሚያወጣበት ትልቅ ወረቀት ነው። በማስመሪያ አስምራ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ፣ ልጆቿን አስቁማ አነበበች። ባርናባስ፣ ከሁለት አንደኛ። ኑሃሚን፣ ከሁለት ሁለተኛ።

«አይም ላስት» አለች ኑሃሚን፤ ከዚያ ድምፅ የሌለው ለቅሶ አለቀሰች። እስከ ማታ ምግብ አልበላችም።

ምሥራች በስልክ ሰምታ ጮኸች። «አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም እንዴ? የስምንት ዓመት ልጅ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጋር ይወዳደራል? ቅደጂው ያንን ወረቀት!»

ሌላ እናት ብትሆን ትቀድደው ነበር። ሠናይት ግን ደረጃ የሌለው ትምህርት ትምህርት አይመስላትም፤ ከዚህ ጋር ነው ያደገችው፣ በዚሁ ነው ያስተማረችው። ሮስተሩን በመቅደድ ፋንታ አንድ መስመር ጨመረችበት። ልጇ መጨረሻ እንዳትሆን ከልጇ ኋላ መጨረሻ የሚሆን ተማሪ ፈጠረች! ስም ያስፈልግ ነበር፤ እጇ ሳታስበው ጻፈ። ሸዋዓለም ገረመው።

ስሙ ከሰማይ አልወረደም። ሸኖ እያለች፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ስልሳ ሁለት ተማሪ ነበራት፤ ከሁሉ ኋላ የምትቀመጠው ሸዋዓለም ነበረች። ግራኝ ናት። ሠናይት በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር እርሳሱን ከግራ እጇ ወስዳ ቀኟ ላይ ታደርግና «በቀኝሽ!» ትላታለች። ልጅቷ በቀኟ መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ አትጽፍም። ሰኔ ሠላሳ ቀን ወላጆች ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ደንቡ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ማንበብ ነው። አዲሷ አስተማሪ ግን ትጋቷን ልታሳይ ከአንደኛ እስከ ስልሳ ሁለተኛ አነበበች።

«ስልሳ ሁለተኛ፣ ሸዋዓለም ገረመው።»

«አቤት!» አለች ልጅቷ፣ ጥርት ባለ፣ ደስ ባለው ድምፅ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋም ሳቀች። የልጅቷ አባት ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። መስከረም ላይ ምዝገባ ሲያልቅ ስሟ የለም። አንዳንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሄደች አለ፣ አንዳንዱ ክረምቱን ታማ ነበር አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሠናይት ወግታም አልረሳችም። ለማንም ግን አልተናገረችም፣ ለሞላልኝ እንኳ።

እንግዲህ ከታኅሣሥ ጀምሮ ስም ሲጠራ ሦስት ሆነ። «ባርናባስ ሞላልኝ!» «አቤት!» «ኑሃሚን ሞላልኝ!» «አቤት!» «ሸዋዓለም ገረመው!» ዝም። «ቀሪ» ትላለች ሠናይት፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ደብተር ሰጠቻት፣ ውጤት ፈጠረችላት፤ ከመቶ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ አንድ። ውጤት ስታነብ ደግሞ ወደ ባዶዋ ዴስክ ዞር ትልና በለሰለሰ ድምፅ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ትደርሺያለሽ» ትላለች። ወዲያው ወደ ኑሃሚን ትዞርና «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው? ወንድምሽን አታዪም?» ትላለች። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ አፍ እንደሚወጡ እሷ ልብ አላለችም። ኑሃሚን ግን ልብ ብላለች።

ጥር ውስጥ አንድ ሰኞ ቺኑክ ነፈሰ፤ በረዶውን በአንድ ቀን አሟሙቶ ራስ የሚያሳምመው ነፋስ። ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ቸርኬው ማንም ሳይነካው ይንቀጫቀጫል። ሠናይት የሸዋዓለምን ደብተር አነሣች፣ የፈጠራ ውጤት ልትጽፍበት። ገጹ ተሠርቷል። ሃያ የሒሳብ ጥያቄ፣ ሃያ መልስ፤ ቁጥሮቹ ወደ ኋላ የተጋደሙ፣ እርሳሱ በእጅ ታሽቶ የጠቆረ። ግራኝ ሲጽፍ መዳፉ የጻፈውን እየጠረገ ነው የሚሄደው። ሠናይት ክው አለች።

«ባርናባስ! አንተ ነህ?»

«እማ፣ አይ ስዌር! ለምን ብዬ ነው ኤክስትራ ሆምወርክ የምሠራው?» አለ። እውነቱን ነው፣ ባርናባስ የራሱንም በግድ ነው የሚሠራው። ኑሃሚንም አይደለሁም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ደግሞም ኑሃሚን በቀኟ ነው የምትጽፈው፣ ጽሕፈቷም ክብ ክብ ነው።

እኔ ብሆን ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ነበር የምጨምረው። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ አስተማሪ ግን የተሠራ ገጽ ሳያርም ማለፍ አይሆንለትም። አረመች። ከሃያው ዘጠኝ። ከሥሩም «በርቺ» ብላ ጻፈች።

የሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አንድ ሆነ፤ ከዚያ አሥራ አራት። የኑሃሚን ደግሞ ይወርዳል። አሥራ ስድስት የነበረው አሥር፣ አሥር የነበረው አራት። ምላስ አላት የምትባለው ልጅ ዝም አለች። ከጓሮ ሲጠሯት ሁለቴ ሦስቴ ካልጮኹ አትዞርም። ሠናይት ጆሮዋን ያማት መስሏት ሐኪም ጋ ወሰደቻት፤ ጆሮዋ ደኅና ነው ተባለ።

የካቲት ውስጥ ነው ያ የሆነው። ሠናይት ጀርባዋን ሰጥታ ቀኑን ሰሌዳ ላይ እየጻፈች በቃሏ ስም ትጠራ ነበር። ባርናባስ አቤት አለ። ኑሃሚን መልስ አልሰጠችም። «ሸዋዓለም ገረመው» አለች፣ በልማድ።

«አቤት!»

ጥርት ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ። ሠናይት ያንን ድምፅ ሃያ ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ይዛው ኖራለች። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ዞር ስትል ባርናባስ ዓይኑ ፈጥጦ ያያታል።

«እማ፣ ማን ነው?»

«እህትህ ናት?»

«ኖ። እያየኋት ነበር፤ አፏን አልከፈተችም።»

«በኢየሱስ ስም!» አለች ሠናይት። ኑሃሚን አንገቷን ደፍታ ዴስኳን ታያለች።

ወዲያው ለምሥራች ደወለች፤ ምሥራች በስልክ አንድ ሰዓት ጸለየችና «በቃ ስሟን መጥራት ተዪ! እየጠራሻት እኮ ነው የምትመጣው» አለቻት። ሠናይት ተወች። ሦስት ቀን ሁለት ስም ብቻ ጠራች። ሦስቱንም ቀን ኑሃሚን ከአልጋ አልወረደችም። ትኩሳት የላትም፣ አመመኝ አትልም። ስሟን ሲጠሯት የሌላ ሰው ስም እንደተጠራ ሁሉ ጣሪያውን ታያለች። በአራተኛው ቀን እናቲቱ ፈርታ ሦስተኛውን ስም መልሳ ጠራች። ልጅቷ ተነሥታ ሹራቧን ለብሳ ገባች፤ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ሠናይት ተነሺ ልትላት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

መጋቢት ላይ ሁለተኛው ሮስተር ወጣ። ባርናባስ አንደኛ፤ ሸዋዓለም ሁለተኛ፤ ኑሃሚን፣ ከሦስት ሦስተኛ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? የሌለች ልጅ ያለችውን በለጠቻት! ሠናይት ቁጥሩን ሦስቴ ደመረች፣ ያው ነው። ቁጥር መዋሸት ደግሞ አይችልም። ስታነብ ኑሃሚን አላለቀሰችም። ያኔ ነው ሠናይት በእውነት የፈራችው። ደረጃው፣ ትምህርቱ፣ ሁሉም ቀርቶባት ልጇን ብቻ ፈለገች። ልጇ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ልጇን ናፈቀቻት።

ግንቦት ውስጥ ፋሲሊቴተሯ ጆአን መጣች። ጆአን ደግ ሴት ናት፤ ስትመጣ ሁልጊዜ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው። በመጸው ስትመጣ ኑሃሚን አጥር ሥር ስላየችው ቀበሮ ግማሽ ሰዓት አውርታላት ነበር። አሁን መጽሐፍ ብትሰጣት አታነብም፣ ብትጠይቃት አትመልስም፣ ደብተሯ ከየካቲት ወዲህ ባዶ ነው። ጆአን ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ሦስተኛውን ደብተር አነሣች።

«ይሄ የማን ነው? በጣም ቆንጆ ሥራ ነው። ከዘጠኝ ተነሥታ የት ደረሰች!»

ጆአን ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ «የአንቺ ነው? ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

«ሸዋዓለም» አለች ልጅቷ።

ጆአን ወረቀቷን አየች፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ኑሃሚን ነው። «ቤት ውስጥ የምንጠራት ስም ነው» አለች ሠናይት ቶሎ ብላ። ከዚያ በፊት ለጆአን ዋሽታ አታውቅም። ጆአን መኪናዋ ጋ ስትደርስ በቀስታ ተናገረች። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ አለች፤ ያን ጊዜም ልጅቷ እንዲህ ከሆነች በመስከረም ትምህርት ቤት ትግባ፣ ከዚያ በፊትም ሐኪም ይያት ብዬ ለመጻፍ እገደዳለሁ አለች። የመኪናዋ አቧራ መንገዱ ላይ ብዙ ቆየ።

ሠናይት ተመልሳ ገብታ፣ ጆአን ልታነጋግራት ከፊት ባስቀመጠቻት ወንበር ላይ ያለችው ልጇ ፊት ተንበረከከች። ሁለቱንም እጆቿን ይዛ ገለበጠቻቸው። ቀኙ ንጹሕ ነው። የግራው ጠርዝ፣ ከትንሿ ጣት እስከ አንጓው፣ በእርሳስ ጠቁሯል።

ተመስገን! አለች በሆዷ። ልጄ ናት፤ ስትጽፍ የከረመችው የገዛ ልጄ ናት። እፎይ አለች።

«ለምን ነው ኑሃዬ? ለምን የራስሽን ትተሽ የሷን ትሠሪያለሽ?»

ልጅቷ እጆቿን ሳብ አደረገች። ከዚያ፣ «እሷን አትቆጪያትማ» አለች። «ላስት ስትሆን አይዞሽ ትያታለሽ። የኔ እናት ትያታለሽ። ሚ፣ ኔቨር።»

ልትቀበለው የሚከብድ ነገር ነው፣ ግን ለመረዳት አይከብድም። ለመረዳት የከበደው ቀጥሎ የመጣው ነው።

«እሺ፣ በግራ እጅሽ ለምን?»

«ሸዋዓለም በግራዋ ነዋ የምትጽፈው።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሷ» አለች ልጅቷ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ። «እማ፣ ያን ቀን አቤት ያለችው ሊሳቅባት ብላ አይደለም አለችኝ። ስም የምትጠሪ መስሏት ነው። ስም ስትጠሪ አቤት ይባላል አይደል?»

ሠናይት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ሰሌዳው ዘንድ የሆነውን ልጅቷ ሰምታለች እንበል። የሸኖውን ሳቅ ግን ማን ነገራት? ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም፣ በጸሎትም ጊዜ እንኳ ጮክ ብላ አልተናገረችም። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ባዶ ነበረች።

«ተቆጥታኛለች?» አለች ሠናይት በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«አይ። እሷን ራሷን እስክትጠሪያት እየጠበቀች ነው።»

በማግስቱ ቸርኬው ሦስቴ ተመታ። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ፤ ባርናባስ ከፊት፣ ልጅቷ መስኮቱ ሥር። ሠናይት ሁለቱንም ሮስተር ከግድግዳው አነሣችና ልጆቿ እያዩ ቀደደቻቸው። ከዚያ ወደ ሦስተኛዋ ዴስክ ሄደች፤ የልጇን ፊት እያየች ለሌላ ልጅ ተናገረች።

«ሸዋዓለም፣ ያን ቀን አቤት ስትዪ አይዞሽ ማለት ነበረብኝ። እኔ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ የሳቀው እኔ አስቄው ነው። አባትሽን ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። በእጅሽም ሰነፍ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ፤ እጅሽ ምንም አልነበረውም። ይቅር በዪኝ ልጄ። የኔን ግን መልሽልኝ።»

ባርናባስ ማልቀስ ጀመረ። ሠናይት ሰሌዳው ዘንድ ተመልሳ መዝገቡን ገለጠች።

«ባርናባስ ሞላልኝ።»

«አቤት።»

«ኑሃሚን ሞላልኝ።»

ዝም። ውጭ ነፋሱ ቸርኬውን በቀስታ ከምሰሶው ጋር ያገናኘዋል። ሠናይት መዝገቡን ዘጋች። እንደ አስተማሪ መጥራቱን ተወችና፣ ልጇ ገና ስትወለድ እንደጠራቻት ጠራቻት። «ኑሃዬ።»

ልጅቷ ተነሣች። ወንበሯን ወደ ዴስኩ አስገባች፤ ያቺ ወንበር ከጥር ወዲህ ገብታ አታውቅም። ቀስ ብላ ወደ ፊት መጥታ የራሷ ዴስክ ላይ ተቀመጠች።

«አቤት፣ እማ» አለች። ድምፁ የራሷ ነው፤ ጎርነን ያለ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ።

ሠናይት ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። ሦስተኛውን ስም አልጠራችም፤ አልሰረዘችውምም። «በሉ ሒሳብ አውጡ» አለች፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

ኑሃሚን ባዶውን ደብተሯን ከፈተች። እርሳሱን አነሣች፤ በግራ እጇ።

ሠናይት ሳታስበው እጇን ዘረጋች፣ ሸኖ ውስጥ መቶ ጊዜ እንደዘረጋችው። እጇ ግን እርሳሱ ጋ አልደረሰም፤ የልጅቷ ራስ ላይ አረፈ።

«አይዞሽ» አለች። ለየትኛዋ እንዳለች እሷም አላወቀችም።